ከመሸኛው በፊት

ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 8፥1-6፤ ሮሜ 13፥8



ቤት መልቀቅ ቀላል የሚመስለው ቤት ለቅቆ ለማያውቅ ሰው ነው። እኔ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ከወልድያ ወጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የሄድኩት በአንድ መንገድ ነው፤ በሲሪንቃ አልፎ ወደ መርሳ በሚወርደው የደሴ መንገድ። የመጀመሪያው በነሐሴ 2013 ነበር፤ ለመዘጋጀት ያገኘነው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሁለተኛው በሰኔ 2015 ነበር፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅተናል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ያለ መጀመሪያው መናገር አልችልም።

ግማሽ ሰዓት

በሐምሌ 2013 ከቆቦና ከራያ በኩል ተፈናቅሎ የሚመጣው ሰው ወልድያን ሞልቷት ነበር። እኛ «ነገ ይረጋጋል» እያልን ቆየን። በነሐሴ መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ግን ነገ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ልጆቹን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ አንድ ብርድ ልብስ፣ የልጆቹን ሹራብ፣ የትምህርት ማስረጃችንንና መጽሐፍ ቅዱሴን በአንሶላ ቋጠርኩ፤ አንድ ጀሪካን ውሃ አንጠለጠልኩ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ከፊት ለፊታችን ላለችው ጎረቤታችን ሰጠኋት።

እዚህ ጽሑፍ ላይ «እትዬ» ብቻ እላታለሁ፤ በቤታችንም የምንጠራት እንደዚያው ነው። ሙስሊም ናት፤ በዕድሜ የእናቴ ታናሽ ትሆናለች። ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በእኛ አገር አጥር የሚጋሩ ቤቶች ገናንም አረፋንም አብረው ነው የሚውሉት። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ገንፎውን ያገነፋችልኝ እርሷ ናት። ቡና ስታፈላ «አቦል ጀባ!» የሚለው ድምፅዋ አጥሩን አልፎ ይመጣ ነበር፤ እኔም የያዝኩትን ጥዬ እሄዳለሁ። ባሏ አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ስለነበር ከከተማ መውጣት አልቻለችም። «ሂዱ፤ እኔ አለሁ፤ አላህ ይከተላችሁ» ብላ ቁልፉን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።

ወደ ደሴ ገባን። በጥቅምት 2014 ደሴም ስትያዝ እንደገና ተነሥተን ደብረ ብርሃን ደረስን። እዚያ የማያውቁን ባልና ሚስት አንድ ክፍል ለቀቁልን። ሁለት ወር ከምናምን ከማዕዳቸው በላን። እርሾአቸውን፣ በርበሬአቸውን፣ ማገዷቸውን ተካፈልን። አንድ ቀን እንኳ «ስንት ቀራችሁ?» አላሉንም።

በእነዚያ ወራት የምጸልየው በአንድ ታሪክ ላይ ነበር፤ በሱነማዊቷ ሴት ታሪክ። ኤልሳዕ ለዚህች ሴት ሰባት ዓመት ረሃብ እንደሚመጣ ነግሯት ቤተ ሰቧን ይዛ ወደ ፍልስጥኤም አገር ተሰደደች። ሰባቱ ዓመት ሲያልቅ ተመለሰች፤ ስለ ቤቷና ስለ እርሻዋ ለንጉሡ ጮኸች። ንጉሡም አንድ ሹም መድቦ ያላትን ሁሉ አስመለሰላት፤ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ እርሻዋ ያፈራውን ፍሬ ሳይቀር። እኔም «ጌታ ሆይ፣ ለእርሷ እንዳደረግህ ለእኔም አድርግ» እል ነበር። ቡፌዬን፣ ምጣዴን፣ ጤፌን በስም እየጠራሁ ነው የጸለይኩት።

ማዳበሪያው

በታኅሣሥ ወልድያ ነፃ ወጣች፤ እኛም በጥር 2014 ተመለስን። በሩ አልተሰበረም። ቁልፉም ሳንቃውም ደህና ነው። ውስጡ ግን ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ፍራሾቹ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ የአልጋ ልብሱ፣ የባለቤቴ ልብስ ሳይቀር የለም። ከጓዳ ያስቀመጥነው ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ ኩንታል ማሽላም የለም። እትዬ ቁልፉን ስትመልስልኝ ዐይኔን አላየችም። «መጡ፤ ወሰዱ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ባሏ በኅዳር ማረፉን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ሐዘኗን ልደርስ ወደ ቤቷ ገባሁ። ከጓዳዋ በር ላይ ከሰል የያዘ ማዳበሪያ ቆሟል። በቀይ ቀለም የባለቤቴ ስም ተጽፎበታል። ባለቤቴ የሚሠራው ሀብሩ ወረዳ ውስጥ በግብርና ነው፤ ጤፉን ከገበሬ ሲገዛ በገዛ እጁ ነው ስሙን የጻፈበት።

ምንም አልተናገርኩም። ቡናውን ጠጥቼ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቡና ሲጠሩኝ «ሥራ ይዣለሁ» ማለት ጀመርኩ። ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆነ። ልጆቼ ወደ እርሷ ሲሮጡ በሆነ ሰበብ እጠራቸዋለሁ። እርሷም «አቦል ጀባ» ማለቷን ተወች።

በዚያው ሰሞን የጠፋ ንብረታችንን ዝርዝር እንድንጽፍ ተጠይቀን ነበር። ዝርዝሩን ጽፌ አንድ ቅጂ አስቀረሁ። ከግርጌው ላይ፣ ለማንም ለማላሳየው ለራሴ ቅጂ፣ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «ጤፍ 2፣ ማሽላ 1፤ ጎረቤት።» ወረቀቱንም አጥፌ በመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ውስጥ ከተትኩት። ልብ በሉልኝ፤ በመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ውስጥ ነው ያልኩት። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ በሴቶች ኅብረት ስለ ይቅርታ አስተምሬያለሁ።

ስድስት ሳምንት

ባለቤቴ ለዓመታት በየቀኑ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ መርሳ እየተመላለሰ ሠራ። በ2015 የእኔም የዝውውር ጥያቄ ሲፈቀድ ጓዛችንን ጠቅልለን መርሳ ለመግባት ወሰንን። በግንቦት አጋማሽ ቤት አገኘን፤ ልጆቹ ፈተና እስኪጨርሱ ድረስ መዘጋጀት ያዝን።

ለሚዘጋጁ እህቶችና ወንድሞች የተማርኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዕቃውን በሦስት ክፈሉት፤ የሚሄድ፣ የሚሰጥ፣ የሚጣል። የሚሰጠውን ቀድማችሁ ስጡ፤ የመጨረሻው ቀን ላይ የተሰጠ ዕቃ የተጣለ ይመስላል። ስኒና ብርጭቆ በልብስ ተጠቅልሎ በካርቶን ይግባ፤ ልብሱም ስኒውም በአንድ ጊዜ ይሄዳል። የቡፌ መስታወት አውልቃችሁ በሁለት ፍራሽ መሐል አስቀምጡት። የአልጋ ብሎኖች በአንድ ከረጢት ተቋጥረው ከራሱ ከአልጋው እግር ጋር ይታሰሩ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያውን ሌሊት መሬት ላይ ታድራላችሁ። አይሱዙ ስትከራዩ ጫኝና አውራጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑንና አለመሆኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሰኔ ነውና ሸራ አትርሱ። ሞሰብ ከላይ ይጫናል እንጂ ምንም አይጫንበትም። የመጀመሪያው ማታ የሚያስፈልገው ጥቅል፣ ማለትም ብርድ ልብስ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ጀበና፣ ዳቦና የልጆች መድኃኒት መጨረሻ ይጫን፤ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወርዳልና። ከደጋ ወይም ከወይና ደጋ ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ አጎበሩ ከዚሁ ጥቅል አይለይ። መርሳ ከወልድያ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ ወባ የመጀመሪያ ሌሊት ነው ብላ አትምርም።

ከዕቃው ይልቅ የሚያደክመው ወረቀቱ ነው። የልጆች መልቀቂያ ከትምህርት ቤት፣ የውሃና የመብራት ደረሰኝ፣ ከእድር መሰናበቻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛ ያልያዘ ሰው በሄደበት ቀበሌ ነዋሪ ሆኖ መመዝገብ ይቸገራል። ቀበሌ ሄጄ ደረሰኞቼን ደረደርኩ። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ አይታ «ዕዳ የለባችሁም» አለችና ማኅተሙን አሳረፈች። የማኅተሙ ድምፅ ደስ አለኝ። ከወልድያ ያለ ዕዳ መውጣቴ ነው።

የቀረኝ የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ነበር። እንደምታውቁት አንድ ምእመን ሲዛወር አጥቢያው በሄደበት ላለው አጥቢያ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ሽማግሌያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ደብዳቤ በእጃቸው መጻፍ ይወዳሉ። ስሜን፣ የተጠመቅኩበትን ዓመት፣ ያገለገልኩበትን ክፍል ጻፉ። ከዚያ ብዕሩን አነሡና በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ልጄ፣ 'ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም የኖረች' ብዬ ነው የምጨርሰው። ልጻፈው?»

ይህን የጠየቁኝ ስለ እትዬ አውቀው አይደለም፤ ሁሉንም ሰው ይጠይቃሉ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ዐይኔን ወደ ጠረጴዛው አድርጌ «ይጻፉት» አልኩ።

ጻፉት። ፈረሙበት። ማኅተምም አረፈበት።

የላባ ጣዖት

በዚያ ማታ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ እየከተትኩ ሳለ የመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ተላቀቀና ያ ወረቀት መሬት ላይ ወደቀ። «ጤፍ 2፣ ማሽላ 1፤ ጎረቤት።»

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ያዕቆብ ከአማቱ ከላባ ቤት ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ፣ ራሔል የአባቷን የቤት ጣዖታት ደብቃ ወሰደች። ላባ ደርሶ ድንኳኑን ሁሉ ሲበረብር ከግመሉ ኮርቻ በታች ሸሽጋ ተቀመጠችባቸው (ዘፍጥረት 31)። ያዕቆብ አያውቅም። ግመሉ አያውቅም። ተስፋ ወደ ተሰጠው ምድር በሚሄደው ጓዝ ውስጥ ግን ጣዖት አለ።

ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን ልጫነው ነው? ከስኒው ጋር በልብስ ጠቅልዬ እንዳይሰበር ልጠነቀቅለት ነው? ሐዋርያው ፍቅር የበደል መዝገብ እንደማይዝ ይናገራል (1ኛ ቆሮንቶስ 13)፤ እኔ ግን በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ መዝገብ ይዣለሁ። ቀበሌ «ዕዳ የለባትም» አለ። ቤተ ክርስቲያን «በሰላም የኖረች» አለች። ሁለቱም ማኅተም እውነተኛ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጌታችን ደግሞ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሎናል (ማቴዎስ 5)። የእኔ መባ ተጭኖ ሊሄድ አራት ቀን ቀርቶታል።

ለባለቤቴ ነገርኩት። «አንድ ቀን እንኳ ነግራን ቢሆን» አለ። ልክ ነው። እኔም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ያም ልክ ነው። «ሂጂ» አለኝ፤ «እኔ ግን ገና ነኝ።» እውነቱን መናገሩ ከእኔ ይሻላል።

አፉ በይኝ

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ረከቦቱ ቀርቧል፤ ከሰሉ ግን አልተቀጣጠለም።

«ሰኞ ልንወጣ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅሁት» አለችና ወንበር ሳበችልኝ። ከሰሉን እፍ ማለት ጀመረች። ረጅም ጊዜ ዝም አልን። እንዴት እንደምጀምር በመንገድ ላይ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። በመጨረሻ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። ማንበብ ትችላለች።

አነበበችው። አልተቆጣችም። «ልክ ጽፈሻል» አለች። «ሁለት ጤፍ፣ አንድ ማሽላ። እኔም እንደዚሁ ነው የቆጠርኩት።»

ከዚያ ነገረችኝ። ከገጠርና ከቆቦ በኩል ሸሽተው መሐል ላይ የቀሩ ሰዎች ቤቷ ተጠግተው ነበር፤ በሁለት ክፍል ውስጥ 23 ነፍስ። መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ ስልክ የለም፣ ወፍጮ ቤት የለም። የራሷ እህል በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ልጆች ሲያለቅሱ ሌሊት አድራ አድራ አንድ ንጋት ላይ በቁልፌ ቤቴን ከፈተች። ጤፉን በድንጋይ እየፈጩ፣ ማሽላውን ንፍሮ እያደረጉ በሉት። ባሏ የመጨረሻ የቀመሰው ከዚያው ከጤፋችን የተሠራ አጥሚት ነበር። ሌላውን ዕቃ ሊወስዱ የመጡት በኋላ ነው። በሩን ሊሰብሩ ሲሉ «አትስበሩት» ብላ ራሷ ከፈተችላቸው። «ሳንቃው እንኳ ይትረፍላት ብዬ» አለችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«በምን አፌ? ሐቅሽን በልቼ? ስትመጪ ልነግርሽ ብዬ ነበር። አንቺ ደግሞ ያንን ማዳበሪያ አይተሽ ፊትሽ ጠቆረ። አወቀች አልኩ። ካወቀች ደግሞ ባዶ እጄን ምን ልበላት? ልክፈላትና ከዚያ ልናገር አልኩ።» ተነሥታ ከሣጥኗ ውስጥ በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ አመጣች። ዶሮ እየሸጠች፣ እንቁላል እየሸጠች ያጠራቀመችው ነው። «ገና ነው፤ አልሞላም። ግን ሰኞ የምትሄጂ ከሆነ ይህን ያዢ። ሐቅሽን አፉ በይኝ።»

ወገኖቼ፣ በወሎ «አፉ በለኝ» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። የሰው ሐቅ ይዤ ከፈጣሪዬ ፊት አታቁመኝ ማለት ነው።

እኔ ያን ጊዜ ያየሁት ደብረ ብርሃንን ነው። እርሾአቸውን፣ በርበሬአቸውን፣ ማገዷቸውን። እትዬ የበላችውን ኪሎ በኪሎ ቆጥራ ዶሮ እየሸጠች ታጠራቅማለች። እኔ ሁለት ወር የበላሁትን አንድ ቀን ቆጥሬ አላውቅም። ለእነዚያ ሰዎች ከተመለስን በኋላ አንዴ ደውዬ «ደርሰናል» ብያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በዓል መጥቶ ሲሄድ እንኳ ድምፄን አልሰሙም። ጌታችን በማቴዎስ 18 የተናገረለት ያ ባለ ዕዳ፣ ብዙ ተትቶለት ሳለ ጥቂት የተበደረውን ባልንጀራውን አንገቱን ያነቀው ሰው፣ እኔ ነበርኩ።

«እትዬ፣ አፉ ብያለሁ» አልኳት። «አንቺም አፉ በይኝ። በልቤ ሌባ ብዬሻለሁ። ልጆቼን ከቤትሽ ከልክያለሁ። ባልሽ ሲሞት እንደ ሰው አላለቀስኩልሽም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ሁለታችንም ቡናው እስኪገነፍል አልቅሰናል።

ገንዘቡን አልቀበልም አልኳት። ይህ ትክክል መስሎኝ ነበር፤ ክርስቲያናዊም መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን እጄን ያዘች። «አንቺ አፉ ብለሽ ትተኚያለሽ። እኔስ? ካልተቀበልሽኝ እኔ መቼ እተኛለሁ?» ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ይቅር ማለት አንዳንዴ መተው ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው ራሱን ቀና አድርጎ እንዲቆም የሚሰጥህን መቀበልም ነው። እምቢ ማለት ትልቅ ሰው ያደርገኝ ነበር፤ እርሷን ግን ለዘላለም ባለ ዕዳዬ አድርጎ ያስቀራታል። መሐረቡን ተቀበልኩ። ወረቀቱን እርሷ ራሷ ከሰሉ ላይ አደረገችው። በዚያ ከሰል ላይ ጀበናው ተጥዷል።

ማታ ወደ ሽማግሌያችን ሄጄ ያን ቀን እንደዋሸኋቸው ነገርኳቸው። ደብዳቤውን ልመልስላቸው ስል ሳቁና «አሁን እውነት ሆኗል፤ ያዢው» አሉኝ። ከዚያም ደብረ ብርሃን ደወልኩ። ባልየው ድምፄን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ትንሿ ልጄ ሳል ነበር።

ሰኞ

ሰኞ ጠዋት አይሱዙው ሲጫን እትዬ ዳቦ ጋግራ፣ ቆሎ ቆልታ፣ ጀበናዋን ይዛ ጊቢያችን ውስጥ ተቀመጠች። ጫኞቹ ሳይቀሩ ጠጡ። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ገመድ እያጠበቀ ቆየ። መኪናው ሊነሣ ሲል ግን ወረደና ወደ እርሷ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳማት። ምንም አልተነጋገሩም። እርሷም መረቀችን፤ «ጎረቤት አያሳጣችሁ» አለች። ቀበሌው የሰጠኝ መሸኛ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን በልቤ «መሸኛዬ ይኸው» አልኩ።

ሲሪንቃን ስናልፍ በነሐሴ 2013 ልጆቹን ይዘን ያረፍንበትን ዛፍ ባለቤቴ አሳየኝ። ያን ቀን ጓዛችን አንድ አንሶላ ነበር። ዛሬ አንድ ሙሉ መኪና ነው። ቀሎኝ የሄድኩት ግን ዛሬ ነው።

መርሳ ስንደርስ መብራት አልነበረም። የአልጋውን ብሎን በሻማ አሰርን፤ አጎበሩን ሰቀልን፤ ጠረጴዛውን አቆምን። ሱነማዊቷ ሴት ከስደቷ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ለኤልሳዕ ያዘጋጀችው ክፍል ውስጥ ያስገባችው ዕቃ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ ብቻ ነበር (2ኛ ነገሥት 4)። ለአንድ ሌሊት ለእኛም በቂ ነበር። ያን ሌሊት ስለ እርሷ ያቀረብኩት የድሮ ጸሎቴ ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር ቡፌዬን አልመለሰልኝም። የእርሻዬን ፍሬ ግን መልሶልኛል፤ 23 ነፍስ በልቶታል፤ አንድ የሚሞት ሰው አጥሚት ቀምሶበታል። እኔ የጠፋ ንብረት ብዬ የመዘገብኩትን እርሱ በሌላ መዝገብ ጽፎት ነበር።

መሐረቡስ? በዚያን ጊዜ ሀብሩ ውስጥ ጃራ የሚባል የተፈናቃዮች መጠለያ ነበር። እዚያ ከነበሩት ብዙዎቹ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ነበሩ። ታሪኩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በ1977 ድርቅ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሮ ነበር፤ ከወሎ ወደ ወለጋ የሄዱትም በርካታ ናቸው። ከእነርሱ ልጆችና የልጅ ልጆች አያቶቻቸው ወደ ወጡበት ወሎ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ አሉ። ዕቃውን በሦስት የሚከፍልበት ስድስት ሳምንት ያገኘ ሰው ባለጸጋ መሆኑን ያወቅሁት እነርሱን ካየሁ በኋላ ነው። በእትዬ ገንዘብ እህል ገዝተን ወደዚያ ወሰድን። ስነግራት «እህሉ መንገዱን ያውቃል» አለችኝ።

ለአንተም፣ ለአንቺም

ምናልባት በዚህ ክረምት ቤት ልትለቁ እየተዘጋጃችሁ ይሆናል። ምናልባትም ጌታን ገና አላውቀውም የምትል ወዳጄ ይህን እያነበብክ ይሆናል። ሁላችንም አንድ ቀን የመጨረሻውን ቤት እንለቅቃለን፤ ያን ጊዜ አይሱዙ የለም። የኢየሱስ ክርስቶስ ወንጌል ለእኔ ያለኝ ይህን ነው፦ አንተ ልትከፍለው የማትችለውን ዕዳ እርሱ በመስቀል ላይ ከፍሎታል፤ ይህ ምሕረት የገባው ሰው የሌላውን ዕዳ በመጽሐፍ ቅዱሱ ሽፋን ውስጥ ይዞ አይዞርም። ሐዋርያው ጳውሎስም እርስ በርስ ከመዋደድ በቀር የማንም ዕዳ አይኑርባችሁ ይላል። የፍቅር ዕዳ ብቻ ነው ተከፍሎ የማያልቀው። እኔና እትዬ በየበዓሉ እንከፋፈለዋለን።

ካርቶኑን ከማሰራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ያላመሰገንኩት ማን አለ? ጠይቄው ሳላውቅ የፈረድኩበት ማን አለ? ማን ነው «አፉ በይኝ» ለማለት በሬን እየጠበቀ ያለው?

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በማናውቀው አገር ለእኛ ቤት ስላዘጋጀህ እናመሰግንሃለን። በጓዛችን ውስጥ የደበቅነውን ግለጥልን። የበላንበትን ማዕድ እንዳንረሳ፣ የተበላብንንም እንዳንቆጥር ጸጋህን ስጠን። ያለ መሸኛ በመንገድ ላይ ያሉትን፣ በመጠለያ ያሉትን አስብ፤ ወደ ቤታቸውም መልሳቸው። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።